የሲምፕሰን ተቃርኖ ምንድን ነው?

የሲምፕሰን ተቃርኖ የሚባለው፣ መረጃ በየክፍሉ ተለይቶ ሲታይ በሁሉም ክፍሎች የሚገኘው ውጤት፣ ክፍሎቹ ሲደመሩ የሚጠፋበት ወይም ጭራሽ የሚገለበጥበት ሁኔታ ነው። ስያሜው የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ጉዳዩ ከጻፈው ብሪታንያዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከኤድዋርድ ሲምፕሰን ነው፤ ይሁንና ሌላው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኡድኒ ዩል በ1903 ቀድሞ አመልክቶት ነበር።

ነገሩ በቃል ብቻ ሲነገር የማይታመን ስለሚመስል ቁጥሮቹን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪታንያ የታተመ አንድ ጥናት የኩላሊት ጠጠር ሕክምናዎችን አነጻጽሯል። በክፍት ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 350 ሰዎች 273ቱ፣ ማለትም 78 በመቶው፣ ሕክምናው ሲሳካላቸው፣ በቆዳ ላይ በሚበሳ ትንሽ ቀዳዳ ጠጠሩ እንዲወጣላቸው ከተደረጉት 350 ሰዎች ደግሞ 289ኙ፣ ማለትም 83 በመቶው፣ ተሳክቶላቸዋል። እዚህ ላይ ንባቡን ያቆመ ሰው ሁለተኛው ዘዴ ይበልጣል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ሆኖም ታካሚዎቹ በጠጠራቸው መጠን ሲለዩ፣ ጠጠራቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካነሰው መካከል ክፍት ቀዶ ሕክምናው ለ81 ከ87 (93 በመቶ)፣ ሌላው ዘዴ ለ234 ከ270 (87 በመቶ) ሠርቷል፤ ጠጠራቸው ትልቅ ከሆነው መካከልም የመጀመሪያው ለ192 ከ263 (73 በመቶ)፣ ሁለተኛው ለ55 ከ80 (69 በመቶ) ሠርቷል። በሁለቱም ክፍሎች የበለጠው ክፍት ቀዶ ሕክምናው ነው።

በስሌቱ ላይ ምንም ስሕተት የለም። ምክንያቱ ያለው በታካሚዎቹ አመዳደብ ላይ ነው፤ ለመታከም የሚያስቸግረው ትልቅ ጠጠር ያለባቸው ሰዎች በብዛት ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና ስለተላኩ፣ ይህ ዘዴ ከባዱን ሥራ ተሸክሞ ጥቅል አኀዙ ዝቅ አለበት፣ ሌላው ደግሞ ቀላሉን በብዛት ይዞ ከፍ አለ። ብዙዎች እንዲህ ያለውን ችግር የታካሚዎችን ቁጥር በማብዛት ማስወገድ የሚቻል ይመስላቸዋል፤ አመዳደቡ እስካልተለወጠ ድረስ ግን አሥር እጥፍ ታካሚ ቢጨመርም ያው የተገለበጠ ውጤት ይበልጥ አስተማማኝ መስሎ ይወጣል። የሚበጀው ታካሚዎችን በዕጣ መመደብ፣ ይህ ካልተቻለም የሚወዳደሩትን በጠጠር መጠን አቻ ለአቻ ማነጻጸር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ መረጃን ሁልጊዜ መከፋፈል ይገባል ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። የጠጠሩ መጠን ከሕክምናው በፊት የነበረና በሐኪሙ ምርጫ ላይ ተጽዕኖ ያሳደረ ነገር በመሆኑ መለየቱ ተገቢ ነው። የደም ግፊትን በመቀነስ የልብ ድካምን የሚከላከል መድኃኒት ሲመዘን ግን፣ ታካሚዎቹን መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በተለካው ግፊታቸው ከፋፍሎ ማነጻጸር መድኃኒቱ ያስገኘውን ጥቅም ራሱን ከስሌቱ ማውጣት ይሆናል፤ እዚያ ላይ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ጥቅል አኀዙ ነው።