ነባር ሕዝቦች ራሳቸው የሚመሩት የጤና ጥናት

ነባር ሕዝቦች (ሌሎች መጥተው ከመስፈራቸው በፊት በምድሩ የኖሩ ሕዝቦች) ላይ የሚደረግ የጤና ጥናት ለረጅም ዘመን አንድ ዓይነት ነበር። ተመራማሪው ይመጣል፣ ደም ይቀዳል፣ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ደም የሰጡት ሰዎች ውጤቱን ሳይሰሙ ይቀራሉ። ማህበረሰብን ማዕከል ያደረገ ጥናት የመጣው ይህን ለመቀየር ነው። ምን ይጠና? ናሙናው የት ይቀመጥ? ውጤቱን ማን ቀድሞ ይየው? እዚህ ላይ ወሳኙ ማህበረሰቡ ነው።

ለውጡ ለምን እንዳስፈለገ የሃቫሱፓዮች ታሪክ በደንብ ያሳያል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሃቫሱፓዮች አሜሪካ ውስጥ፣ በአሪዞና ግዛት፣ በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩ ጥቂት ሕዝቦች ናቸው። ስኳር በሽታ ክፉኛ አስቸግሯቸው ስለነበር፣ ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸውን ሰጡ። ያው ደም በኋላ ስኪዞፍሬንያ ስለሚባለው የአእምሮ ሕመም፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻ፣ ስለ ጥንታዊ ፍልሰትም ተጠናበት። እነሱ ግን መነሻችን ይኸው ሸለቆ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። ነገሩ የወጣው በ2003 ነው። አንዲት የጎሳው አባል የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ ተገኝታ፣ ለዚህ ፈቃድ ተጠይቋል ወይ አለች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ የቀረውንም ደም መለሰ። የፈረሙበት ቅጽ አጻጻፉ ሰፊ ነበር፤ የተነገራቸው ግን ስለ ስኳር በሽታ ነው። ፊርማ ስላለ ብቻ ፈቃድ አለ ማለት አይቻልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ካናዋኬ አሳይታለች። ካናዋኬ ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል አጠገብ ያለች፣ ሞሃውክ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ማህበረሰብ ናት። ሐኪሞቹ ስኳር በሽታ ምን ያህል እንደተስፋፋ ለነዋሪው ሲያሳዩ፣ ሽማግሌዎቹ ለልጆቻችን አንድ ነገር ይደረግ አሉ። በ1994 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመከላከል ሥራ ተጀመረ። የማህበረሰቡ አማካሪ ቦርድ ከመጀመሪያው አብሮ ወሰነ። የራሳቸውን የጥናት ሥነ ምግባር ደንብም ጻፉ። በውጤቱ ትርጉም ላይ ካልተስማሙ ሁለቱም ወገኖች ሐሳባቸውን አብረው ማሳተም ይችላሉ። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይህ አንቀጽ ነው፤ የማንንም አፍ አይዘጋም።

ሌሎችም የየራሳቸውን አጥር አጠሩ። ፈርስት ኔሽንስ የሚባሉት የካናዳ ነባር ሕዝቦች የመረጃው ባለቤትነት፣ ቁጥጥር፣ ተደራሽነትና ይዞታ የኛ ነው የሚል መርህ አወጡ። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሚኖረው ነባሩ የናቫሆ ብሔር በ2002 የጄኔቲክ ጥናትን አገደ። ሳን የሚባሉት የደቡብ አፍሪካ ነባር ሕዝቦች በ2017 ለተመራማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ።

ታዲያ ነገሩ በሩን መዝጋት ብቻ አይደለም፤ የነዋሪው እውቀትም ለጥናት ይጠቅማል። በ1993 አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ አካባቢ ጤነኛ ወጣቶች በድንገተኛ የሳንባ ሕመም ይሞቱ ጀመር። የናቫሆ ሽማግሌዎች ዝናብና በረዶ በበዛበት ዓመት ፒኞን የሚባለው የጥድ ዓይነት ፍሬ እንደሚበዛ፣ አይጥም እንደሚበዛ፣ በሽታም እንደሚከተል ያውቁ ነበር። አይጥ ከቤትና ከምግብ መራቅ አለበት የሚለውም የቆየ ትምህርታቸው ነው። ላቦራቶሪው ያገኘው የአጋዘን አይጥ በምትባል የዱር አይጥ የሚተላለፍ ሃንታ ቫይረስ ነበር። ጋዜጦች ግን በሽታውን በናቫሆ ስም ጠርተው ሕዝቡን አሸማቀቁት። ቫይረሱን በአካባቢው ስም ለመሰየም ሲሞከርም ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ ስሙም ተቀየረ።

እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይፈጃል። ለጥናት የሚሰጥ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ነው፤ መተማመን ለመገንባት ደግሞ ማንም የጥናት ጽሑፍ ሳያወጣ የሚያልፉ ወራት ያስፈልጋሉ። ገንዘብ ሰጪዎች ይህን ጊዜ እንደ ሥራ ቆጥረው በጀት ሊይዙለት ይገባል።