ብክለት ምንድን ነው? ከኢንፌክሽንስ በምን ይለያል?

ብክለት ማለት ሊኖር የማይገባው ጎጂ ነገር ውሃን፣ ምግብን ወይም ዕቃን ሲቀላቀል ወይም ሲነካ ነው። ኢንፌክሽን የሚባለው ደግሞ እንደ ባክቴሪያና ቫይረስ ያለ ተህዋሲ ሕያው አካል ውስጥ ገብቶ መራባት ሲጀምር ነው። እጃችን ላይ ያረፈው ተህዋሲ በሳሙና ታጥቦ ከሄደ፣ እጃችን ተበክሎ ነበር እንጂ እኛ አልተያዝንም።

ልዩነቱ በኮሌራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ባክቴሪያው ያለበት ዐይነ ምድር ምንጭ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይበከላል። ያንን የጠጣ ሰው ከ12 ሰዓታት እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊታመም ይችላል። ብዙዎች ግን ባክቴሪያው አንጀታቸው ውስጥ እያለ ምንም ምልክት አያሳዩም፤ ሆኖም በዐይነ ምድራቸው ያስወጡታል። ኩልል ያለ ውሃም የተበከለ ሊሆን ይችላል። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው እንኳ ባልታጠበ ጀሪካን ወይም በየእጁ በሚጠለቅ ጣሳ ቤት ውስጥ ይበከላል። ስለዚህ ክዳን ካለውና አፉ ጠባብ ከሆነ ዕቃ እያዘነበሉ መቅዳት ከመጥለቅ እጅግ ይሻላል።

ውሃን አንተክትኮ ማፍላት ተህዋሲያንን ይገድላል። ብክለት ሁሉ ግን ከተህዋሲ አይመጣም። በስምጥ ሸለቆ ከዐለቱ እየሟሟ የሚገባው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ነው፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘውም እርሱ ነው። ይህን ውሃ ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ቀርቶ የበለጠ ይከማቻል።

የቃሉን አጠቃቀም በተመለከተ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ «የተበከለ» ለውሃ፣ ለምግብና ለዕቃ እንጂ ለሰው አይባል። ሰው በባክቴሪያ ወይም በቫይረስ «ይያዛል»። ስለ ኤችአይቪ ስንናገር «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች» ማለትን ተምረናል፤ ለኮሌራ ታማሚም ይኸው ክብር ይገባዋል። እንደ ቆሻሻ የተቆጠረ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ኮሌራ ደግሞ ሲጠና በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቶሎ ጤና ጣቢያ ከደረሱ ግን አብዛኞቹ ታማሚዎች ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) በመጠጣት ብቻ ይድናሉ።