ሴፍቲ ፋክተር 3 ማለት ሦስት እጥፍ ጫኑብኝ ማለት አይደለም

አንድ ዕቃ የሚሰበርበት ጭነት፣ በሥራ ላይ ይገጥመዋል ተብሎ ለታሰበው ከፍተኛ ጭነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ሴፍቲ ፋክተር ይባላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተሳሳተ ግንዛቤው ግን የሰው ሕይወት አስከፍሏል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቁጥሩ 3 ከሆነ ሦስት እጥፍ መጫን ይቻላል»

አይቻልም። ያ ትርፍ አቅም የተቀመጠው ለብረት ጥራት መለያየት፣ ለደካማ ብየዳ፣ ለዝገት፣ ለድንገተኛ ምትና በስሌቱ ላልተያዘ ነገር ሁሉ ነው። ጭነት የሚጨምር ሰው የሚነካው ይህንን መጠባበቂያ ነው።

«ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዕቃው ይሻላል»

ከአውሮፕላን አካል በአብዛኛው የሚጠየቀው 1.5 ብቻ ነው። በ1995 የቦይንግ 777 ክንፍ ለሙከራ ሆን ተብሎ ሲታጠፍ የተሰበረው በበረራ ከሚጠበቀው ከፍተኛ ጭነት 154 በመቶ ላይ ነበር። መስፈርቱን በጥቂቱ ማለፉ የሚያስመሰግን ንድፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ማወፈር ክብደት ይጨምራል፣ ክብደትም ራሱ ጭነት ነው። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር የሚፈቀደው ግን ጭነቱ በሚገባ ለተጠና፣ ምርመራውም ለማይቋረጥ ዕቃ ነው።

«እስካሁን ካልተሰበረ ትርፍ አቅም አለው»

ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። የጠፈር መንኮራኩሯ ቻሌንጀር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታትና ሰባት ሰዎች አለቁ። ቀደም ባሉ በረራዎች የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች በጋለ ጋዝ ተበልተው ተገኝተው ነበር፤ በአንደኛው ጉዳቱ የቀለበቱን ሬዲየስ (የጎማውን ውፍረት ግማሽ) ሲሶ ዘልቋል። ጉዳቱ የሬዲየሱን ያህል እስኪደርስ ቀለበቱ እንደማይከሽፍ በሙከራ በመታየቱ፣ ናሳ ውስጥ «ሴፍቲ ፋክተሩ 3 ነው» ተባለ። በአደጋው መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ይህን አጥብቆ ነቀፈ። ሳይሰነጠቅ እንዲሸከም የተሠራ ድልድይ፣ የታሰበለት ጭነት ሲያልፍበት አግዳሚው እስከ ሲሶው ከተሰነጠቀ፣ ባይወድቅም ንድፉ ከሽፏል፤ ምንም ትርፍ አቅም አልነበረውም ሲል አስረዳ። ቀለበቱም እንዲበላ አልተነደፈም፤ መበላቱ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነበር።

«በሁለት እጥፍ ግፊት የተፈተነ ዕድሜ ልኩን ይጸናል»

ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት የካቢን ናሙና ሁለት እጥፍ ግፊት ችሎ ነበር። በ1954 ግን ሁለት ኮሜቶች እያንዳንዳቸው 1,300 በረራ እንኳ ሳይሞሉ አየር ላይ ተበታተኑ። ካቢኑ በየበረራው በግፊት ሲወጠርና ሲረግብ ብረቱ ደክሞ፣ ከመክፈቻዎች ማዕዘን ስንጥቅ ተነሥቶ ነበር። አንድ ዕቃ ምን ያህል ጭነት እንደሚችልና ያንን ጭነት ስንት ጊዜ እንደሚችል ተለያይተው ይሰላሉ፣ ተለያይተውም ይፈተናሉ። አምራች የመጀመሪያውን ብቻ ካሳያችሁ ሁለተኛውን ጠይቁት።