ቅርፊቱ የተላጠ የጓሮ ዛፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ አቮካዶ ወይም ማንጎ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። ግንዳቸው የሚጎዳበት መንገድም ብዙ ነው፦ ፍየል ይግጠዋል፣ በር ላይ የሚዞር ባጃጅ ይገጨዋል፣ ከሥሩ የተቃጠለ ቆሻሻ ይለበልበዋል፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ ይሰረስረዋል። ቅርፊቱ በተላጠ ማግስት ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ያዛል። ከሚታዘዘው አብዛኛው ከቁስሉ ይብሳል።

«ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ምንም አልሆነም»

ብዙ ዛፍ የሚያልቀው በዚህ እምነት ነው። ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ግን በቅርፊቱ የውስጠኛ ንጣፍ በኩል ነው። ስለዚህ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ውሃ ማግኘቱን ስለሚቀጥል ቅጠሉ ቶሎ አይጠወልግም። የሚራበው ሥሩ ነው። ሥሩ ያከማቸውን ስንቅ ጨርሶ እስኪሞት ወራት ይፈጃል፤ ትልቅ ዛፍ ከሆነ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። በክረምት የተላጠው ዛፍ በበጋ ሲደርቅ ታዲያ ጥፋቱ በምስጥ ይሳበባል።

እናም ቅጠሉን ትታችሁ ግንዱን እዩ። በሲባጎ የግንዱን ዙሪያ ለኩና ቁስሉ ወደ ጎን ምን ያህሉን እንደያዘ አስሉ። ከሩብ በታች ከሆነ ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወጣዋል። ከግማሽ ካለፈ ያሰጋል። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ርዝመት ያን ያህል አያስጨንቅም። ቀጥሎ የቁስሉን ጠርዝ በጥፍር ጫር አድርጉት፦ ውስጡ እርጥብና አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል።

«ቁስሉ ይሽራል»

አይሽርም፤ ይሸፈናል እንጂ። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ እየሰነጠቀ መርምሮ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ዛፍ የተጎዳ እንጨቱን መልሶ አያድስም። በዙሪያው ግድግዳ አቁሞ ከጤናማው ይለየዋል፤ ከዚያ ከጠርዙ አዲስ እንጨትና ቅርፊት እያበቀለ ይዘጋበታል። ይህን የሚሠራው በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ካምቢየም የሚባል እጅግ ስስ ንጣፍ ነው። በቁስሉ ዳር እንደ ከንፈር ያበጠ ጠርዝ ካያችሁ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው። ልትጠብቁት የሚገባው ያንን ጠርዝ ነው።

«የተቃጠለ ዘይት፣ ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት ከብስባሴ ያድናል»

የሞተር ዘይት ምስጥ ይከላከላል ተብሎ በየግቢው ይቀባል። ዘይቱ መጀመሪያ የሚገድለው ግን ያንኑ የጠርዙን ካምቢየም ነው። የቁስል ቅብን ነገር ሺጎ ከባልደረባው ጋር ለ13 ዓመታት ሞክሮት ውጤቱን በ1983 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፦ ብስባሴን አያስቆምም። ኖራ ለብቻው ይታይ። በውሃ ቀጥኖ ሲቀባ ጥላ ያጣ የአቮካዶ ግንድ በፀሐይ እንዳይቃጠል ይረዳል፤ የቁስል መድኃኒት ግን አይደለም።

«እበትና ጭቃ ለጥፎ መተው ነው»

እዚህ ላይ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ሙሉ በሙሉ አልጣላም። ትኩስ ቁስልን የሚጎዳው መድረቅ ስለሆነ እርጥበት መያዙ ትክክል ነው። ችግሩ «መተው» የሚለው ላይ ነው፤ ለወራት የተለጠፈ እበት ከሥሩ ያለውን ይደብቃል፣ ለነፍሳትም መጠለያ ይሆናል።

የተላጠው ቅርፊት ገና እርጥብ ሆኖ መሬት ላይ ወይም ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከተገኘ ግን ከጭቃ የሚበልጥ መላ አለ። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ የላይኛው ወደ ላይ እንደሆነ ወደ ቦታው መልሱት። በትንንሽ ምስማር ምቱት ወይም ከጎሚስታ በምታገኙት የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና ከላይ ፌስታል ጠቅልሉበት፤ ፀሐይ እንዳያፈላው ጥላ አድርጉለት። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፍቱት። ሁሉም ላይያዝ ይችላል፤ ከፊሉ ከያዘም ትርፍ ነው።

«ቁስሉን በገጀራ አስፍቶ ማስተካከል»

ቀድሞ በባለሙያዎችም ይመከር ነበር። አሁን የሚባለው፦ የተንጠለጠለውንና የሞተውን ብቻ በስለታም ንጹሕ ቢላዋ ቁረጡ፣ ሕይወት ያለውን አትንኩ።

«ብዙ ውሃና ማዳበሪያ ያጠነክረዋል»

የአቮካዶ ሥር ውሃ የቋጠረ አፈር ላይ ይበሰብሳል። በበጋው ወራት ጠለቅ አድርጎ አጠጥቶ አፈሩ ሲደርቅ መድገም ይበቃል። ፍግ ወይም ደረቅ ሣር ስትበትኑ ከግንዱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት። ዩሪያው ይቆይ።

«ዙሪያውን ከተላጠ አለቀለት፣ ይቆረጥ»

ገና ነው። ግራፍት ማድረግ (ቀንበጥን ከሌላ ግንድ ጋር አጣብቆ ማዋሐድ) የሚያውቅ የችግኝ ጣቢያ ሰው ካገኛችሁ ከላይና ከታች ያለውን ቅርፊት በቀንበጥ ድልድይ ማገናኘት ይቻላል። ከዚያው ዛፍ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው ቀንበጦች ይቆረጡና ሁለቱም ጫፋቸው ይሾላል፤ ከቁስሉ በላይና በታች ባለው ሕያው ቅርፊት ሥር ገብተው በትንሽ ምስማር ይያዛሉ። በግንዱ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ይደረደራሉ። ቀንበጡ ዛፉ ላይ ሳለ ወደ ላይ የነበረው ጫፉ አሁንም ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ አይሠራም። መጋጠሚያው በሰም ይዘጋል፤ ቅብ ቦታው እዚህ ነው። ጊዜው ዛፉ እያደገ ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅበት ወቅት ነው።

ድልድዩ ካልሆነም ዋንዛ፣ ጃካራንዳና ባሕር ዛፍ ከጉቶ ያቆጠቁጣሉ፤ ጽድ ግን አያደርገውም። አቮካዶም ያቆጠቁጣል፣ ግን ተጠንቀቁ፦ ዛፋችሁ ግራፍት የተደረገ ሃስ የሚባለው የአቮካዶ ዝርያ ከሆነና ቡቃያው የወጣው ከመጋጠሚያው በታች ከሆነ፣ የሚያፈራው ሃስን ሳይሆን የሥሩን ዝርያ ነው። እንደገና ግራፍት ማስደረግ ይኖርባችኋል።

«ውስጡ ከተቦረቦረ በሲሚንቶ መሙላት ነው»

አትሙሉት። ዛፍ በንፋስ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶ አይወዛወዝም፤ በመካከላቸው ውሃ ይቋጠራል። መሀሉ ባዶ የሆነ ዛፍ ዳሩ ጤነኛ እስከሆነ ይኖራል። ቤት ወይም መንገድ ላይ ያዘነበለ ከሆነ ግን በባለሙያ ይታይ።

«የልብስ ሽቦ ምን ያደርገዋል?»

ግንዱ ሲወፍር ሽቦው አይሰፋም፤ ቀስ በቀስ ገብቶ እንደ ፍየሉ ዙሪያውን ይቆርጠዋል። ገና ላዩ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ፍቱት። ቅርፊቱ ውጦት ከሆነ አትጎልጉሉት፤ የሚታየውን ከሁለቱም በኩል ቆርጣችሁ የተቀበረውን እዚያው ተዉት።