ጆን ሉዊስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጆን ሉዊስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ፣ ዋርድ 4 በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ በ14ኛው ጎዳና አጠገብ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት ሕፃናት ጀምሮ እስከ አምስተኛ ክፍል ያስተምራል። በዚህ የከተማዋ ክፍል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከተማዋ በ2004 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረትም አማርኛ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

እስከ 2021 ድረስ ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በጆሴፍ ሮድማን ዌስት ስም ነበር። ዌስት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል፣ ከ1871 እስከ 1877 የሉዊዚያና ሴናተር፣ በኋላም ከዲሲ አስተዳዳሪዎች አንዱ ነበር። በጥር 1863 አፓቼ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሪ ማንጋስ ኮሎራዳስ ለሰላም ንግግር በመጣበት ተይዞ ሲገደል የጦሩ አዛዥ እርሱ ነበር፤ ጦሩ ያቀረበው ሪፖርት እስረኛው ሊያመልጥ ሲል ተመታ ቢልም፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ምስክርነት ግን ትእዛዙ ከዌስት እንደመጣ ያመለክታል። ዛሬ የመጀመሪያውን የሚያምን ጥቂት ነው።

አዲሱ ስም ሰፊ ማብራሪያ የሚፈልግ አይደለም። በ1940 በአላባማ፣ ትሮይ አጠገብ ከጭሰኛ ቤተሰብ የተወለደው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ ጆን ሉዊስ በልጅነቱ ለቤተሰቡ ዶሮዎች ይሰብክ እንደነበር እርሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ነሐሴ 28 ቀን 1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ ንግግር ካደረጉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ ነበር፤ 23 ዓመቱ ነበር። መጋቢት 7 ቀን 1965 በሴልማ ከተማ የኤድመንድ ፔተስ ድልድይን ሲሻገር በፖሊስ ዱላ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል፤ ሰልፉን የቀሰቀሰው የመምረጥ መብት ጥያቄ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ከ1987 ጀምሮ ሐምሌ 17 ቀን 2020 እስኪያርፍ ድረስ አትላንታን ወክሎ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ነበር። የዋሽንግተን ነዋሪዎች በዚሁ ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላቸውምና፣ ለመምረጥ መብት ደሙን ያፈሰሰ ሰው ስም በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ላይ መውጣቱ ቦታውን ያገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቀድሞው ሕንፃ በ1970ዎቹ የተሠራ ነው። በጊዜው በተወደደው ስልት ክፍሎቹን የሚለዩ ሙሉ ግድግዳዎች ስላልነበሩት የአንዱ ክፍል ድምፅ ሌላውን ይረብሽ ነበር። ሥራው በተለምዶ እድሳት ቢባልም በእውነቱ ግን በቦታው አዲስ ሕንፃ ተተክቷል፤ የተከፈተውም በ2021 የትምህርት ዓመት መጀመሪያ ነው። ንድፉን ያወጣው ፐርኪንስ ኢስትማን የተባለው ድርጅት ነው። የሕንፃው ዋና ዓላማ በዓመት ውስጥ የሚጠቀመውን ያህል ኃይል ራሱ እንዲያመነጭ ነው፦ ጣሪያው ላይ የተዘረጉት የፀሐይ ሰሌዳዎች ኤሌክትሪክ ያቀርባሉ፣ ወደ መሬት ጠልቀው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ደግሞ ክረምት ከበጋ ብዙም የማይለዋወጠውን የአፈር ሙቀት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ያውላሉ። ክፍሎቹም የቀን ብርሃን በሰፊው እንዲገባባቸው ሆነው ተሠርተዋል፤ አሁን ሁሉም ግድግዳና በር አላቸው።