ለኢንፍሉዌንዛ የሚታዘዙ ዕፅዋት፦ እውነቱ የቱ ነው?

ኢንፍሉዌንዛ ሲይዝ ሰውነት ይቆረጣጠማል፣ ትኩሳት ያንቀጠቅጣል። ያኔ ጠያቂው ሁሉ «ይሄን አፍልተህ ጠጣ» ይላል። ምክሩ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ሁሉም ልክ አይደለም።

«ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ቫይረሱን ይገድሉታል»

አይገድሉትም። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ በላብ የወጣውን ፈሳሽ ይተካል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ያስታግሳል። ለታመመ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ አልንቀውም። ቫይረሱን የሚያሸንፈው ግን የሰውነታችን መከላከያ ነው። አብዛኛው ሰው በሳምንት ገደማ ይሻለዋል፤ ሻዩን ቢጠጣም ባይጠጣም።

«መድኃኒቱ የሚሠራው ከስታር አኒስ ስለሆነ ሻዩም ያድናል»

መነሻው እውነት ነው። ኦሴልታሚቪር የተባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ለመሥራት የሚያገለግለው ሺኪሚክ አሲድ ከዚህ ኮከብ መሳይ ቅመም ይወጣል። አሲዱ መድኃኒት የሚሆነው ግን በፋብሪካ ብዙ የኬሚስትሪ ደረጃዎችን ካለፈ በኋላ ነው። ሻዩ ውስጥ መድኃኒቱ የለም። የጃፓን ስታር አኒስ የሚባለው ዘመዱ ደግሞ መርዛማ ነው፤ በዓይን አይቶ መለየትም ይከብዳል።

«ከተክል የመጣ ነገር አይጎዳም»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ለትኩሳት የሚፈላውን የአኻያ ዛፍ ቅርፊት እንውሰድ። ውስጡ ያለው ሳሊሲን የአስፕሪን የቅርብ ዘመድ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ ደግሞ አስፕሪን አይሰጥም፤ አንጎልና ጉበትን የሚያጠቃ ሬይ ሲንድረም የተባለ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ቅርፊቱም ለልጅ አይሰጥ። የባሕር ዛፍ ዘይትም ቢሆን ልጅ ከዋጠው ሊመርዘውና ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ማር ሳልን በማስታገስ ጎበዝ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠብታም አይቀመስ፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። አዋቂዎችም ተጠንቀቁ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የነጭ ሽንኩርት እንክብል ቢጨምርበት የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል። ሐኪም «ምን ትወስዳለህ?» ሲላችሁ ዕፅዋቱንም ንገሩት።

«መታጠን ቫይረሱን ያቃጥለዋል»

እንፋሎት የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፣ በቃ። የፈላ ውኃ ተደፍቶባቸው የሚቃጠሉ ልጆች ግን አሉ።

«መጀመሪያ ቤት ልሞክር፣ ካልሆነ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ»

ለጤነኛ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ትንንሽ ልጆች፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ግን መጠበቅ የለባቸውም። የቫይረሱ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ምልክቱ በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ማንም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ ከተመለሰ ወዲያውኑ ሐኪም ይየው።