የመዋኛ ገንዳ በወሎ ግቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ወይም ከሚሴ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ መዋኛ ገንዳ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውንና መልኩን ነው። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን ከሥሩ ስላለው አፈርና ስለሚሞላው ውሃ ነው። «ይሠራ ወይስ ይቅር?» የሚለውንም፣ የገንዳውን ዓይነትም የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከታች ያሉት ስሌቶች 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት ላለው ገንዳ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ገንዳ 45 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል።

«ወጪው ግንባታው ነው፤ አንዴ ከተሞላ በኋላ ሐሳብ የለውም»

45 ሜትር ኩብ ለመሙላት 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ አራት ተኩል ጊዜ መመላለስ አለበት። በዚህ አያበቃም። ነፋስና ፀሐይ በሚበረታበት የበጋ ቀን ከገንዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይተናል። በ32 ካሬ ሲሰላ በቀን 160 ሊትር፣ በወር ደግሞ ወደ 5,000 ሊትር ይሆናል። የአሸዋ ማጣሪያው በሳምንት አንዴ ሲታጠብ እስከ 500 ሊትር ይፈሳል። ስለዚህ ማንም ሳይዋኝበት እንኳ ገንዳው በወር 7,000 ሊትር ይጠጣል።

መብራቱም አለ። ውሃው በ8 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በማጣሪያው ማለፍ ስላለበት በሰዓት 6 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። 0.75 ኪሎዋት የሚወስድ ፓምፕ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ውሃው አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። ጄኔሬተር የሚገዛ ሰውም ልብ ይበል፤ በደሴ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ ጄኔሬተር መለያ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈለት አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል። ፓምፑም ቢሆን ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ከተተከለ ውሃ ለመሳብ ይቸገራል፤ ከገንዳው ውሃ እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

የመጠጥ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ግቢ ገንዳ ባይሠራ ይሻለዋል፤ ይህን ሳናቅማማ እንናገራለን።

«ጎድጓዳ ቆፍሮ በብሎኬት ገንብቶ ሊሾ ማድረግ ይበቃል»

ብዙ ገንዘብ ያቃጠለው አመለካከት ይህ ነው። ብሎኬት ለቤት ግድግዳ ሲሆን የሚሸከመው ከላይ የሚመጣ ክብደት ነው፤ ገንዳ ውስጥ ግን ውሃው ከጎን ይገፋዋል። ጥልቀቱ 1.8 ሜትር በሆነበት በኩል እያንዳንዱ የግድግዳ ሜትር 1.6 ቶን ያህል ግፊት ይቀበላል። ውሃው ሲወጣ ደግሞ አፈሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋል። ብሎኬቱ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ ሊሾው ይከተላል፣ ውሃው ወደ መሠረቱ ይሰርጋል።

የወሎ አፈር ነገሩን ያከብደዋል። በቆላማውና በሜዳማው ቦታ የሚበዛው ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ ላይ የተቀመጠ ገንዳ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሥሩ ይነቃነቃል። መፍትሔው ዋልካውን ቆርጦ ማውጣትና ገረጋንቲ በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እያረጠቡ መጠቅጠቅ ነው። በደሴ ተዳፋት ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ቦታው ሲደለደል ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ በሙሌት ይስተካከላል፤ ገንዳው በሁለቱ ድንበር ላይ ካረፈ ሙሌቱ ሲሰምጥ ከመሐል ይሰነጠቃል። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ናት። ከሚያፈስ ገንዳ ወደ ተዳፋቱ የሚገባ ውሃ የግቢውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን ጎረቤትም ይነካል። እንዲህ ባለ ቦታ የመሐንዲስ ጥናትና የከተማው የግንባታ ፈቃድ ሳይያዝ አካፋ አይነሳ።

ለመወሰን ቀላሉ መንገድ ይህ ነው፦ በነሐሴ መጨረሻ ገንዳው በታሰበበት ቦታ 2.5 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሩ፣ ዝናብ እንዳይገባው በቆርቆሮ ክደኑት፣ ሁለት ቀን ጠብቁ። ከታች ውሃ ከተጠራቀመ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው።

የሚያዋጣው አርማታ ነው። ወለሉና ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 15 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ይገባዋል፤ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 54 ኩንታል ማለት ነው። የፌሮውን ውፍረትና ርቀት አፈሩን ያየ መሐንዲስ ይወስናል። የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበትና ቧንቧ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ ዋተር ስቶፕ የሚባለው የጎማ ጥብጣብ ይገባል፤ ቧንቧዎቹም ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ይታሰራሉ እንጂ በኋላ ግድግዳ በመሰርሰር አይገቡም። ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን እየረጠበ ይቆይ፤ ውሃ ለመሙላት 28 ቀን መጠበቅ ነው።

ማፍሰሱ የተጠረጠረ ገንዳ በባልዲ ይፈተናል። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ በመውረጃው ደረጃ ላይ አስቀምጡ፣ የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ ምልክት አድርጉ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። እኩል ከቀነሱ ትነት ነው፤ ገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከቀነሰ ያፈሳል።

«በክረምት ባዶውን ማቆየት ይሻላል»

በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ባዶ ገንዳ ከመሬት ሊነሳ ይችላል። ከርሰ ምድሩ ውሃ እስከ አፉ ከደረሰ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 45 ቶን ይደርሳል፤ ቀላል ገንዳ ይህን አይቋቋምም። በክረምት ውሃው ይቆይ። ጎርፍ እንዳይገባ ጠርዙ ከግቢው ወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

«ፋይበርግላስ ቀላሉ ነው፤ ተሠርቶ መጥቶ ይቀበራል»

ቅርፊቱ አንድ ወጥ ነው። የኮንቴይነር ውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ 4 ሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት አይገባበትም። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ በክፍት መኪና ቢመጣ እንኳ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ማለፍና ክሬን ማግኘት ይቀራል። ለእኛ አካባቢ ምርጫው በተግባር አርማታ ወይም ከመሬት በላይ የሚቆም የብረት ዘንግና ሸራ ገንዳ ነው። ሁለተኛው ይናቃል፤ አይገባውም። 4.5 ሜትር ወርድና 1.1 ሜትር የውሃ ከፍታ ያለው ክብ ገንዳ 17.5 ሜትር ኩብ ብቻ ይፈልጋል፣ ዋልካ ቢነቃነቅ ተነስቶ ይስተካከላል፣ ቤተሰቡ በእርግጥ ይዋኝ እንደሆነም ያሳያል። ጠንቅ የሚሆነው መሬቱ ነው፦ ከጫፍ ጫፍ ያለው ልዩነት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሙሌት ከመጨመር ከፍ ያለውን መቁረጥ ይሻላል፤ ከሥሩም 5 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አሸዋ ይነጠፋል።

ይህንኑ ገንዳ ሰገነት ላይ ማቆም ግን ፈጽሞ አይሞከር። 1.1 ሜትር ውሃ በካሬ 1,100 ኪሎ ይጫናል፤ የመኖሪያ ቤት ወለል የሚታሰበው በካሬ 200 ኪሎ ያህል ለሚሆን የሰውና የዕቃ ጭነት ነው።

«የወሎ ፀሐይ ውሃውን ታሞቀዋለች»

ለመዋኘት የሚመቸው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ ቀን ብትሞቅም ሌሊቱ ሙቀቱን ይወስደዋል። 45 ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 52 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ከ500 በላይ ማለት ነው። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ይሻላታል፤ ከሚሴ ደግሞ ከዚያም ትሞቃለች። የትም ቢሆን ሌሊት ሸራ ማልበስ ከማንኛውም ማሞቂያ ይቀድማል፤ ሙቀቱን በዋናነት የሚወስደው ትነቱ ነውና።

«ክሎሪን ከሸተተ በዝቷል ማለት ነው»

ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋህዶ ሲደክም ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ማነሱን ነው። ነጻ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.6 ይሁን። ፒኤቹ 8 ከደረሰ ከክሎሪኑ በደንብ የሚሠራው ሩቡ ብቻ ነው። 65 በመቶ የሆነ የዱቄት ክሎሪን 70 ግራም 45 ሜትር ኩቡን በሊትር 1 ሚሊ ግራም ያሳድጋል። ማረጋጊያ (ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቅ ኬሚካል) ከሌለው ጠራራ ፀሐይ በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሲመሽ ይጨመር። ኬሚካል ወደ ውሃ ይገባል እንጂ ውሃ በኬሚካል ላይ አይፈስም። ክሎሪንና አሲድ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

የጨው ገንዳም ክሎሪን አለው፤ መሣሪያው ከጨው ያመርተዋል። መብራት ከሌለ አያመርትም።

«የወንዝ ውሃ ተፈጥሯዊ ነው»

በቦርከና ሸለቆና በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። የወንዝ ወይም የመስኖ ውሃ ሳይጣራና በክሎሪን ሳይታከም አይዋኙበት። በቆላው የተረሳ ገንዳም ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንኝ ያፈላል፤ ፓምፑ ከተበላሸ ወይም ክሎሪን ካለቀ ቶሎ መጠገን ግድ ነው።

«ልጅ ሲሰጥም ይጮኻል፤ እንሰማለን»

አይጮኽም። ትንሽ ልጅ ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥማል። የግቢው አጥር ገንዳውን ከቤቱ ልጆች አይከልልም፤ ገንዳው በአራቱም ጎን የራሱ አጥር ያስፈልገዋል። ከፍታው ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ለመወጣጫ የሚሆን አግዳሚ የሌለው ይሁን። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈትና በራሱ የሚዘጋ፣ መቀርቀሪያውም ሕፃን የማይደርስበት 1.5 ሜትር ላይ ይሁን። ውሃው ላይ የተዘረጋው ሸራ እንደ መከላከያ አይቆጠር፤ ልጅ ቢረግጠው ተጠቅልሎ ወደ ታች ይወስደዋል።